መኪና፣ ባጃጅ ወይም ሞተር በሰሜን ሸዋ ሲሸጥና ሲገዛ፦ ከቀብድ እስከ ስም ዝውውር

ደብረ ብርሃን ላይ ባጃጅ፣ አረርቲ ላይ አይሱዙ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሞተር ሳይክል ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚያልቀው ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ደላላው ያገናኛል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ ገንዘቡ ይተላለፋል፣ ቁልፉ ይሰጣል፣ ምርቃት ይከተላል። የምትቀረው «ስሙን በኋላ እናዞራለን» የምትባለው ናት። ጣጣው ሁሉ የሚወለደው ከዚች «በኋላ» ነው።

በመጀመሪያ የሚጎዳው ሻጩ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ያሽከረከረው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ ከኃላፊነት የሚወጣው በዚያን ሰዓት መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የተሸጠ ሚኒባስ ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ሰው ቢገጭ መጥሪያው የሚሄደው ሊብሬው (የተሽከርካሪው የባለቤትነት ደብተር) ላይ ስሙ ወዳለው ሰው ነው። ገዢውም አይድንም። ስሙ ካልዞረ የሻጩ አበዳሪ በመኪናው ላይ እግድ ሊያወጣ ይችላል፤ ሻጩ ቢሞት ወራሾች «የአባታችን ንብረት ነው» ብለው ይመጣሉ። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ የሚያተኩረው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ከኪስ ሳይወጣ፣ ቁልፉም ከእጅ ሳይወጣ ስሙ የሚዞርበትን መንገድ ማመቻቸት።

ሊብሬውን ማንበብ

ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ዋናውን ሊብሬ ተቀበሉና ከመኪናው ጎን ቆማችሁ አንብቡ። ፎቶ ኮፒ አይበቃም፤ በስልክ የተላከ ፎቶማ ጭራሽ። ዋናው ከሌለ ያለው አንድም ባንክ ነው፣ አንድም ጠፍቷል፣ አንድም ሌላ ገዢ ጋ ነው። ባንክ ከሆነ መኪናው በብድር ተይዟል ማለት ነው፤ ባንኩ የያዘውን ንብረት ራሱ ሐራጅ አውጥቶ መሸጥ ስለሚችል ዕዳው ሳይከፈል የተገዛ መኪና የተገዛው ከሐራጅ ወረፋ ላይ ነው። ጠፍቷል ካሉ ሻጩ ለፖሊስ አመልክቶ ምትክ ሊብሬ እስኪያወጣ ጠብቁ። «እኔ በምትኩ ውክልና እሰጥሃለሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሻይውን ጨርሳችሁ ሂዱ።

ሊብሬው ላይ የምትመለከቱት የሰሌዳ ቁጥር፣ የባለቤት ሙሉ ስም፣ የሻንሲ ቁጥር (በመኪናው ብረት ላይ የተቀረጸው መለያ)፣ የሞተር ቁጥር፣ የተሠራበት ዘመን፣ ቀለም፣ የነዳጅ ዓይነት፣ የጭነት ወይም የሰው ልክ ነው። ነጭ ተብሎ ተመዝግቦ ብርማ የሆነ፣ ቤንዚን ተብሎ ናፍጣ የሚጠጣ መኪና ምርመራ ላይ ይያዛል። የተሠራበት ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የምዝገባና የቦሎ (የዓመታዊ ምርመራ ምልክት) ቀን በእኛ አቆጣጠር ሊሆን ስለሚችል የ7 እና የ8 ዓመት ልዩነቱን ሳታስቡ «አዲስ ነው» አትበሉ። «ከቀረጥ ነፃ» የሚል ምልክት ካለ ደግሞ ቀረጡ ሳይከፈል ወደ ማንም ስም አይዞርም። ቀረጡ ከዋጋው ጋር ሊስተካከል ይችላል፤ ማን እንደሚከፍለው ሳይታወቅ ወደ ዋጋ ንግግር መግባት የለባችሁም።

ሻንሲ ማንሳት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ሌላው ወረቀት ሁሉ ዋጋ የለውም።

የሚያስፈልገው ስስ ወረቀት፣ ለስላሳ እርሳስ፣ ፕላስተር፣ በናፍጣ የራሰ ጨርቅና የስልክ መብራት ነው። አይሱዙና ፒክአፕ ላይ ቁጥሩ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ የፊት ጎማ አካባቢ ሻንሲው ብረት ላይ ነው፤ ትናንሽ የቤት መኪኖች ላይ ኮፈኑ ሲከፈት ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየው ብረት ላይ፤ ሞተር ሳይክል ላይ መሪው ከተሰካበት አንገት ጎን። ጭቃውን በጨርቁ ጥረጉት፤ በብረት ብሩሽ ወይም በመሞረጃ አትፈግፍጉት፣ ምልክቱ ይጠፋና በኋላ እናንተው ትጠረጠራላችሁ። ወረቀቱን በፕላስተር ለጥፉ፣ እርሳሱን አጋድማችሁ በቀስታ አሻሹ። ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ፣ ከኋላ ወደ ፊት አነጻጽሩ፤ ከፊት ወደ ኋላ ስናነብ ዓይናችን የሚጠብቀውን ያያል።

ከ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለዓለም ገበያ የተሠሩ መኪኖች ቁጥር ብዙውን ጊዜ 17 ፊደልና አሃዝ ነው። በዚያ ውስጥ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡም፤ ከታዩ ወይ ጸሐፊው ተሳስቷል ወይ ቁጥሩ የውሸት ነው። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ ተሠርተው በኋላ የመጡ እንደ ቪትዝ ያሉት ግን አጭር ቁጥር አላቸው፦ የሞዴል ኮድ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ብዙውን ጊዜ 6 ወይም 7 አሃዝ። ይህን የማያውቅ ገዢ ያለ ምክንያት ይደነግጣል። ሊብሬ ሲጻፍ 8ን ከ«ቢ»፣ 5ን ከ«ኤስ» ጋር ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ እርማት የሚሠራው ፋይሉ ባለበት ቢሮ በሻጩ ማመልከቻ ስለሆነ ከሽያጩ በፊት ይሠራ።

መጥፎው ምልክት ሌላ ነው። በቁጥሩ ዙሪያ ብቻ አዲስ ቀለም፣ የመሞረጃ ጭረት፣ አንዱ አሃዝ ከሌላው ጠለቅ ወይም ጠመም ማለት፣ ቁጥሩ ካለበት ብረት ግራና ቀኝ የብየዳ መስመር። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ዋጋ ቀንሱልኝ አትበሉ፤ ተዉት።

የሞተር ቁጥር የተለየ ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም ሞተር በሕጋዊ መንገድ ይቀየራል። ተቀይሮ ከሆነ የተገዛበት ደረሰኝ ወይም ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) መኖርና ለውጡም ሊብሬው ላይ መስፈር አለበት። ካልሰፈረ ሻጩ አስመዝግቦ ይምጣ፤ ገዢው «እኔ እጨርሰዋለሁ» ካለ ዲክላራሲዮን ፍለጋ ወራት ይፈጃል።

ዕዳና እገዳ

ለምርመራ ሁለት ቦታ አለ። አንደኛው ፋይሉ ያለበት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ወይም ወኪሉ ሲጠይቅ የፍርድ ቤት እግድ፣ የባንክ መያዣ፣ ያልተከፈለ ቅጣት መኖር አለመኖሩን ከፋይሉ ያያሉ። ሁለተኛው በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 የተቋቋመው፣ በብሔራዊ ባንክ ሥር ያለው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መዝገብ ነው። ባጃጅና አይሱዙ ከብድርና ቁጠባም ሆነ ከባንክ በብድር የሚገዙ ዕቃዎች ስለሆኑ ለእነሱ ይህ ምርመራ አይታለፍ።

ኮድ 3 (የንግድ) መኪና ከሆነ ከግብር ቢሮ ክሊራንስ (ዕዳ የለበትም የሚል ማስረጃ) ይጠየቃል። ነጋዴ ሻጮች ይህን እስከ መጨረሻው ቀን ያቆዩታል፤ የሦስት ዓመት ግብር ያልተወራረደለት ሰው ክሊራንስ በአንድ ጠዋት አያወጣም። ቀብድ ከመቀበሉ በፊት ክሊራንሱን እንዲያሳይ ጠይቁ። ባጃጅ ሲሆን ደግሞ ተሽከርካሪውን መግዛት ማኅበርተኝነቱንና የሥራ ቀጠናውን መግዛት አይደለም፤ ማኅበሩን አስቀድማችሁ አነጋግሩ።

የሚሸጠው ማን ነው?

ሊብሬው ላይ ያለው ስም፣ መታወቂያው ላይ ያለው ስምና የባንክ ሒሳቡ ስም አንድ መሆን አለበት፤ ፊደሉም ጭምር። ኃይሌ እና ሀይሌ፣ ፀሐይ እና ጸሀይ፣ ወልደማርያም እና ወልደ ማርያም ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለመዝገብ ሠራተኛ ግን ሁለት ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነት ካለ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ከቀበሌ ይወጣል። ፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያ) ያላችሁ ውሉ ላይ በፋይዳው እንደተጻፈው አስጽፉ።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ ያስፈልጋል። ሊብሬው በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ ንብረቱን የግል አያደርገውም፤ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ያላገባ ወይም የተፋታ ከሆነ ያንኑ የሚያሳይ ማስረጃ ያምጣ። ሚስት ሳታውቅ በተሸጠ መኪና ላይ ክስ ስታቀርብ ገንዘቡን ከፍሎ ፍርድ ቤት የሚመላለሰው ገዢው ነው።

ባለቤቱ ሞቶ ከሆነ ልጁ ቁልፍ ስለያዘ መሸጥ አይችልም። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ወጥቶ በዚያ ላይ ያሉት ሁሉ ይፈርማሉ፣ ወይም ለአንዱ ይወክላሉ።

ውክልና ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በዚህ አካባቢ መኪና ሦስትና አራት ሰው እጅ በውክልና ብቻ ሲዘዋወር ይታያል፤ ሊብሬው ላይ ያለው የመጀመሪያው ባለቤት ነው፣ ሌሎቹ በውክልና ላይ ውክልና እየሰጡ ይሸጣሉ። ውክልናን ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል (የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2226)፤ ወካዩ ሲሞትም በመሠረቱ ያበቃል። ስለዚህ በውክልና ስትገዙ ሦስት ነገር አጣሩ፦ ውክልናው «ለመሸጥና ስም ለማዛወር» በግልጽ ይላል ወይ፤ ወኪሉ ሌላ ሰው እንዲወክል ተፈቅዶለታል ወይ፤ ውክልናው ዛሬም ያልተሻረ መሆኑን የሰጠው ቢሮ ያረጋግጣል ወይ። ወካዩ በሕይወት እንዳለ በስልክ ድምፁን መስማትም አይከፋም።

ቀብድ ወይስ ቅድሚያ ክፍያ

ሕዝቡ ሁለቱን ቃላት ያቀላቅላል፤ ሕጉ ግን ይለያቸዋል። ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» ተብሎ ከተጻፈና ሌላ ስምምነት ከሌለ ገዢው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱን ይለቃል፤ ሻጩ ቢቀይር እጥፍ ይመልሳል። ይህ አንቀጽ 1885 ነው። ማለትም ቀብድ ለሁለቱም መውጫ በር ነው። መኪናውን በእርግጥ የምትፈልጉት ከሆነና ሻጩ ሌላ ዋጋ ሰምቶ እንዳያፈገፍግ ካሰባችሁ «የሽያጩ ዋጋ አካል የሆነ ቅድሚያ ክፍያ» አስብላችሁ ጻፉና ውሉን ላፈረሰ የሚከፈል መቀጫ በገንዘብ አስቀምጡ።

ውሉ

አገር ቤት «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው በጽሑፍ ይሁን፤ አጻጻፉ ግን ደንብ አለው። በጽሑፍ የሚደረግ ውል በተዋዋዮቹ ሁሉ ይፈረማል፣ በሁለት ምስክሮችም ይረጋገጣል (አንቀጽ 1727)። ደላላውን ምስክር አታድርጉት፤ ክርክር ቢነሳ ከኮሚሽኑ የተነሳ ገለልተኛ አይባልም። መፈረም የማይችል ሰው በሻይ ቤት ያሳረፈው አሻራ ብቻውን አያስገድደውም፤ አሻራው በውልና ማስረጃ ሹም ወይም በዳኛ ፊት የተረጋገጠ መሆን አለበት (አንቀጽ 1728)። ከመንዝና ከሚዳ ገጠር የሚመጡ ሽማግሌ ሻጮች ዘንድ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የውሉ ልብ የሚከተለውን ይመስላል፦

«እኔ ሻጭ፣ የሰሌዳ ቁጥሩ …፣ የሻንሲ ቁጥሩ …፣ የሞተር ቁጥሩ … የሆነውን፣ ዓይነቱ … የሆነውን ተሽከርካሪ ከማናቸውም ዕዳና እገዳ ነፃ በሆነ ሁኔታ በብር … (በፊደል …) ለገዢ ሸጫለሁ። ከዚህ ውስጥ ብር … ዛሬ በባንክ ተቀብያለሁ፤ ቀሪውን ብር … ስሙ ወደ ገዢ በዞረ ቀን እቀበላለሁ። እስከ … ቀን … ዓ.ም. ድረስ ቀርቤ ስሙን አዛውራለሁ። ከርክክቡ ሰዓት በፊት ያለ የቅጣት፣ የግብርና የአደጋ ኃላፊነት የእኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የገዢ ነው።»

ቀሪው ክፍያ ትልቁ መሣሪያችሁ ነው። ምንም ያልቀረው ሻጭ ስልክ አያነሳም። ከዋጋው አንድ አሥረኛው እንኳ ስሙ እስኪዞር ቢቆይ ሻጩ ራሱ ደዋይ ይሆናል።

ዋጋውን አሳንሶ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ክፍያ ለመቀነስ ተብሎ። ሕገ ወጥ ከመሆኑ ሌላ ሞኝነትም ነው። የጽሑፍ ውል በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ እምነት የሚጣልበት ማስረጃ ነው (አንቀጽ 2005)፤ በቃል ምስክር «እውነተኛው ዋጋ ሌላ ነበር» ማለት አይቻልም። ሽያጩ ቢፈርስ የሚመለሰው የተጻፈው ነው። 900,000 ከፍሎ 300,000 ያስጻፈ ሰው 600,000ውን ከማን ይጠይቃል?

ውሉን ቢያንስ በ4 ቅጂ አዘጋጁ፦ ለሻጭ፣ ለገዢ፣ ለውልና ማስረጃ፣ ለትራንስፖርት። ከዚያ ውልና ማስረጃ (ሰነድ አረጋጋጭ) ቢሮ ሁላችሁም በአካል ቀርባችሁ ፈርሙ። በተራ ወረቀት የተደረገው ውል በመካከላችሁ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ስም ለማዞር ግን የሚጠየቀው የተረጋገጠው ነው።

ክፍያና ርክክብ

በባንክ ክፈሉ፤ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ፣ ሻጩ በራሱ ስም ወዳለው ሒሳብ። «ለወንድሜ ላክልኝ» የሚለውን አትቀበሉ። ሻጭ ከሆናችሁ ደግሞ የስልክ መልእክት ወይም የደረሰኝ ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም፤ ሒሳባችሁን ከፍታችሁ ቀሪ ሒሳቡን እዩ። ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ሲሰጣችሁ ያወጣው ባንክ ጋ ሄዳችሁ አስመርምሩት። ቼክ አትቀበሉ፤ ሒሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ መስጠት ወንጀል ነው ማለት መኪናችሁ ተመልሶ ይመጣል ማለት አይደለም።

ቁልፉ ሲሰጥ አንድ ገጽ የርክክብ ወረቀት ጻፉ፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቆጣሪው ያሳየው ኪሎ ሜትር፣ የተሰጡት ቁልፎች ብዛት፣ ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ፣ ሊብሬ፣ የመድን ወረቀት። ሰዓቱን ስትጽፉ «ከቀኑ 8 ሰዓት ከ30» ብላችሁ ቀን ወይም ማታ መሆኑን ለዩ። በዚያው ዕለት ማምሻ አደጋ ቢደርስ የማን ተጠያቂነት እንደሆነ የምትወስነው ይህች መስመር ናት። ሦስተኛ ወገንን በተመለከተ ግን ሊብሬው ላይ ያለውን ሻጭ ሙሉ በሙሉ አታድነውም፤ ከገዢው እንዲያስመልስ ነው የምትረዳው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሻጭ ስሙ እስኪዞር መኪናውን አይለቅም።

ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት

የምዝገባው መሠረት አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። ይዛችሁ የምትቀርቡት ዋናውን ሊብሬ፣ የተረጋገጠውን ውል፣ የሁለታችሁን መታወቂያ፣ የገዢውን ቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥር፣ የታደሰ ቦሎ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚጠየቀውን የሦስተኛ ወገን መድን፣ እንደ ነገሩ ሁኔታም ክሊራንሱንና ውክልናውን ነው። ቢሮው መኪናውን ራሱን ማየት ስለሚፈልግ ታጥቦ ይቅረብ፤ ሻንሲው በጭቃ ተሸፍኖ «ነገ ና» የሚባለው ብዙ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሰው ልካችሁ የዚያን ቢሮ የሰነድ ዝርዝር ከግድግዳው ላይ ፎቶ አስነሱ። ከአጣዬ ወይም ከእነዋሪ ተነስቶ አንድ ወረቀት ጎድሎት የሚመለስ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ያቃጥላል።

ሰሌዳው «አአ» ከሆነና መኪናው ሰሜን ሸዋ ሊቀመጥ ከሆነ ሥራው ሁለት እጥፍ ነው። ፋይሉ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ከዚያ ወደ ክልሉ እንዲዛወር ይጠየቃል፣ አሮጌው ሰሌዳ ይመለሳል፣ አዲስ ሰሌዳ ይሰጣል። አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ሳይሆን ፋይሉ ነው የሚዘገየው። ሻጩ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚያገለግል ልዩ ውክልና ለገዢው ወይም ለሚታመን ሰው ቢሰጥ በየጊዜው አይጠራም። ውሉ ላይ የስም ዝውውሩን ቀነ ገደብ ስታስቀምጡም ይህን አስቡ፤ 15 ቀን ብሎ ጽፎ በመቀጫ መካሰስ ለማንም አይጠቅምም።

አዲሱ ሊብሬ እጃችሁ ሲገባ እዚያው መስኮቱ ፊት ቆማችሁ ሻንሲውን ካነሳችሁት ወረቀት ጋር አስተያዩ። ስህተት በዚያው ደቂቃ በእስክሪብቶ ይታረማል፣ በሳምንቱ ግን በማመልከቻ ነው። ከዚያ መድን ድርጅቱ ጋ ሄዳችሁ ውሉ በስማችሁ እንዲሆን አድርጉ። ሻጭ ደግሞ የአዲሱን ሊብሬ ኮፒ ወስዶ ከውሉ ጋር ያስቀምጥ።

ስለ ጦር መሣሪያ

«መሣሪያስ በእንዲህ ያለ ውል ይሸጣል ወይ?» የሚል ጥያቄ ስለሚመጣ ነው። ምንሽር ይሁን ክላሽ፣ መሣሪያ እንደ መኪና በግል ውል አይሸጥም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን፣ መሸጥንና ማስተላለፍን ይከለክላል፤ ፈቃዱ የተሰጠው ለሰውየው ነው፣ ከመሣሪያው ጋር ወደ ገዢ አይሻገርም። ሁለት ምስክር ጠርቶ የሽያጭ ወረቀት መጻፍ ሽያጩን ሕጋዊ አያደርገውም፤ ሻጩንም ገዢውንም ምስክሮቹንም በአንድ ገጽ ላይ አስፍሮ ለዐቃቤ ሕግ ማቅረብ ነው። ከአባት የቀረ መሣሪያ ቤት ውስጥ ያገኘ ሰውም ለዘመድ ሳያሳልፍ፣ ሳይሸጥ፣ የአባቱን ፈቃድና የሞት ማስረጃ ይዞ ለወረዳው ፖሊስ ያሳውቅ። መሣሪያውን ራሱን ይዞ መንገድ አይውጣ፤ መጀመሪያ ወረቀቱን ይዞ ሄዶ መሣሪያው እንዴት እንደሚቀርብ ይጠይቅ።